ዘጠኝ እርምጃ

«ሙሽራዋ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች ሶፊያ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አምሳሉ አንድ እፍኝ ንፍሮ ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነበር፤ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ሶፊያ አምስት ዓመቷ ነው። የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ጫማዋን የግራውን በቀኝ የቀኙን በግራ ተጫምታ፣ በሩ ላይ ቆማ መልስ ትጠብቃለች።

«ትመጣለች፣ የኔ እመቤት» አሉ ጋሽ አምሳሉ በመጨረሻ። «መንገድ ተዘግቶባት ነው።»

«ታክሲ አጥታ ነው?»

«አዎ፣ ታክሲ አጥታ።»

መልሱ አሳመናት። ልደታ ያደገ ልጅ የታክሲን ነገር ያውቃል። «እሺ፤ ግን እማዬ ከሐኪም ቤት ሳትመጣ ኬኩን እንዳትቆርሱት» አለችና ወደ ግቢው ሮጠች።

አባቷ ፍሰሐ ከድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ትከሻውን ጫን አድርገው ያዙት። ማልቀስ የተከለከለበት ለቅሶ ላይ ከዚህ በላይ ማድረግ አይቻልም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የሶፊያ እናት፣ የፍሰሐ ሚስት መቅደላዊት፣ ሐሙስ ማለዳ ሐኪም ቤት አረፈች፤ በዚያው ዕለት ልደታ ማርያም ተቀበረች። ልጅቷን ጎረቤታቸው ሰሚራ ገና በጠዋቱ ወደ ራሷ እህት ቤት ወስዳ ካርቱን ስታሳያት ዋለች። ልጅ ግን ልጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ካልሄድኩ ብላ አስቸገረች። የጌጃ ሰፈርን ጠባብ መንገድ ታጥፋ ስትመጣ በራቸው ላይ ድንኳን አየች።

የእድሩ ድንኳን ደግሞ አንድ ነው። ለሠርግም እሱ፣ ለለቅሶም እሱ። ባለፈው ጥር የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጁን ሲድር የተተከለው ይኸው ሰማያዊ መስመር ያለው ሸራ ነበር፤ ሶፊያ ሥሩ እስክስታ ወርዳበታለች፣ ኬክም በልታበታለች። «ሠርግ ነው?» አለች ፊቷ በርቶ። በሩ ላይ የነበረችው የፍሰሐ ታላቅ እህት ደሚቱ ናት። ያን ፊት አየችና «አዎ፣ ሠርግ ነው» አለቻት። አስባው አይደለም፤ ከአፏ አመለጣት። ካመለጣት በኋላ ግን ሰፈሩ በሙሉ ተሸከመው።

ደሚቱም የጀመረችውን ከዳር ማድረስ ነበረባት። የመቅደላዊትን ትልቁን ፎቶ ከድንኳኑ አንሥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ መሃል ሸሸገችው። መታጠፊያው ላይ ሁለት የእድር ሴቶች አቆመች፤ ለቅሶ የሚደርሰውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ልጅቷ አታውቅም፣ እንዳትጮኹ» እያሉ ያስገባሉ። «ወይኔ እህቴን» ብለው ደረት ሊመቱ እጃቸውን ያነሡ ሴቶች፣ ነጠላቸውን ለማስተካከል ያነሡ አስመስለው ይመልሱታል። መግባቱስ ይገባሉ፤ ለቅሶው ግን ጉሮሯቸው ላይ እንደ ተሰነቀረ ይቀራል።

ሁሉም ይህን የሚያደርገው ለልጅቷ አዝኖ ነው። ፍሰሐም ይህን ያውቃል። ዝም ያለውም ለዚህ ነው፤ ወይም ለዚህ ነው ዝም ያልኩት እያለ ራሱን ያታልላል።

አርብ ረፋዱ ላይ የመቅደላዊት እናት እማማ ወለተሥላሴ ከቡታጅራ ደረሱ። መርዶውን የነገሯቸው በዚያው ዕለት ንጋት ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሟታል» ነበር የተባሉት። ቀብሩ አልፏቸዋል። መንገዱን ሙሉ ለልጃቸው የሚሉትን ሙሾ በልባቸው ሲያሰናዱ መጥተው፣ መታጠፊያው ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደሚቱ ሮጣ ደርሳ አቀፈቻቸው።

«እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይጮኹ። ሶፊያ ጓሮ ናት። አልነገርናትም።»

አሮጊቷ አልገባቸውም። «ምኑን?»

«የእናቷን ነገር።»

«ታዲያ ይሄ ድንኳን ምንድን ነው አላችኋት?»

ደሚቱ መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። እማማ ወለተሥላሴ ድንኳኑን ብዙ አዩት። «ልጄን ልቀብር አልደረስኩም» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ አታልቅሻት ልባል?» ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ነክሰው ገቡ። ጥግ ላይ ሲቀመጡ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቅ ነበር። ፍሰሐ ይህን ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ።

ፍሰሐ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፕሪንተር ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ የሰው ክስና ይግባኝ ሲጽፍ ዐሥራ አራት ዓመቱ። የባልና ሚስት ጸብ፣ የወንድማማች የውርስ ክርክር፣ የአከራይና የተከራይ ጣጣ፣ ሁሉም በሱ እጅ ሲያልፍ «ጉዳዩ» በሚል ይጀምርና «ዳኝነት እጠይቃለሁ» በሚል ያልቃል። መቅደላዊት ወደዚያች ክፍል የመጣችው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ልጆች ከቤታቸው የሥዕል መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ ወላጆችን የሚጠይቅ ደብዳቤ አስጻፈችው። ጻፈላት። አነበበችና ሳቋ መጣ።

«ምን ያስቃል?» አላት።

«ወላጆቹን ከሰስካቸው እኮ!»

እውነትም «ግዴታቸውን ባይወጡ» የሚል ቃል ገብቶበት ነበር። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ድመት ሣለች። ድመቷ መጽሐፍ ገልጣ ይዛለች፤ ሦስት ግልገሎቿ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ይሄን ኮፒ አድርግልኝ፤ ቃል አያስፈልገውም» አለችው። በሳምንቱ ክፍሏ በመጽሐፍ ተሞላ። ፍሰሐ ደግሞ ወደ ሙአለ ሕፃናቱ የሚያስኬድ ሰበብ ሲፈልግ ከረመ።

ከተጋቡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯት ተክለ ሃይማኖት፣ ነስረዲን ሱቅ ይሄድ ነበር። ነስረዲን ያገለገሉ መጻሕፍት ይነግዳል፤ ከውጭ በካርቶን ከሚመጣለት ውስጥ የልጆቹን ለይቶ ለሷ ያስቀምጣል። መቅደላዊት መጽሐፍ ስትመርጥ ቀልድ አታውቅም። መጀመሪያ ቃሉን በመዳፏ ትሸፍንና ሥዕሉን ብቻ እያየች ከጫፍ እስከ ጫፍ ትገልጠዋለች። «ሥዕሉ ዝም ካለ ይቅርብን» ትላለች። «ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የሚያነበው ሥዕሉን ነው።» ሥዕሉ ከተናገረላት መጽሐፉን ለነስረዲን ታስይዘውና ወደ ኋላዋ እየሄደች ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ዘጠኝ። ዘጠኝ እርምጃ ክፍሏ ውስጥ መጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ከሷ ያለው ርቀት ነው። ዘጠነኛው እርምጃ አስፋልቱ ውስጥ ያስገባታል፤ ሚኒባሶች ጥሩንባ ይነፉባታል፤ ረዳቶቹ ይሰድቧታል። እሷ ግን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቆማለች።

«ይታያል?» ይላታል ነስረዲን፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ።

«አይታይም፤ ቀበሮዋ ከዛፉ ጋር ተደባልቃለች» ትላለች። ወይም ደግሞ እጇን አንሥታ «ይታያል!» ትላለች። ያን ጊዜ ተመረጠ ማለት ነው።

ቤት ስትገባ ነጭ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ትቆርጥና ሥዕሉ የነገራትን በራሷ እጅ በአማርኛ ጽፋ በፈረንጁ ቃል ላይ ትለጥፈዋለች። ስታነብ መጽሐፉን ወደ ራሷ አትይዝም፤ ወደ ልጆቹ አዙራ ነው። በየገጹ መጀመሪያ የምትጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ «ማን አለ? ማን የለም?» ልጆቹ ያለውን ይቆጥራሉ፣ የጎደለውን ይፈልጋሉ። ሶፊያ አፏን የፈታችው «ድመት የለም» ብላ ነው። ፍሰሐም አንድ ቀን ሊያነብላት ሞክሮ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «አባዬ ዜና ነው የሚያነበው» ብላ ቀማችው። መቅደላዊት ጓዳ ሆና እየተንከተከተች ሳቀችበት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሶፊያ የእናቷን የመጽሐፍ ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትታ ድንኳኑ ውስጥ ይዛው ገባች። «ለሙሽራዋ ስጦታ ልመርጥ ነው» ብላ አስታወቀች። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ አንዱን ከፈተች፣ ትንሿን መዳፏን ቃሉ ላይ አደረገችና ከንፈሯን አሞጠሞጠች። «ይሄ ዝም ይላል» ብላ ወደ ጎን አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ለጋሽ አምሳሉ ሰጠቻቸው።

«ያዙልኝ። ወደዚህ አዙሩት።»

በእድር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ጋሽ አምሳሉ፣ አንዲት ቢጫ ዳክዬ ደረታቸው ላይ ይዘው ቀጥ አሉ። ሶፊያ በለቀስተኛው መሃል ወደ ኋላዋ እየሄደች ቆጠረች። ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ዘጠኝ ስትል ከድንኳኑ በር ደርሳለች። «ይታያል!» ብላ ጮኸች። «ይሄን ነው የምሰጣት።» ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

ነስረዲን ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ነው የመጣው፤ እጁ ላይ ፌስታል አንጠልጥሏል። ፍሰሐ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ። ምን ይባላል» አለ። ከዚያ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገለት። «ይሄ የሷ ነው። አስቀምጥልኝ ብላኝ ነበር።»

ፍሰሐ ሳይከፍተው ምን እንደሆነ አወቀ።

«ሐኪም ቤት ልትገባ ሰሞን ነው የመጣችው» አለ ነስረዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቆም አቅቷት በርጩማ ሰጠኋት። ስለ ሞት የሚያወራ የልጅ መጽሐፍ አለህ ወይ አለችኝ። ኧረ አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል አልኳት። አልሰማችኝም። ያለኝን ሁሉ አወረድኩላት። አንዱ ላይ አያትየው ተኙ ይላል፤ ይሄን ለሶፊያ ካነበብኩላት መተኛት ትፈራለች ብላ መለሰችው። አንዱ ላይ ሩቅ አገር ሄደች ይላል፤ በር በሩን ስታይ ልትኖር ነው አለች። አንዱ ደግሞ ኮከብ ሆነ ይላል። ‹ቀን ቀንስ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ይሄን ስታገኝ ግን ቃሉን ሸፈነችና ሁለት ጊዜ ገለጠችው። የየት አገር ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ እንግሊዝኛ አይደለም። ‹ይሄ አይዋሻትም› አለች። ዘጠኝ እርምጃውንም አልተወችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ሄደች።»

«ያኔውኑ ለምን አልወሰደችውም?» አለ ፍሰሐ። መልሱን እያወቀ ነው የጠየቀው።

«ቤት ካስገባሁት ሶፊያ ታገኘዋለች፤ ፍሰሐ ሐኪም ቤት ያመጣልኛል አለችኝ። ስጠብቅህ ነበር። መቼም ሥራ በዝቶብህ ይሆናል።»

ነስረዲን ይህን ያለው ሊወቅሰው አይደለም። ፍሰሐን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ሥራ አልበዛበትም። መቅደላዊት አልጋ ላይ ሆና ሦስት ቅዳሜ ጠይቃዋለች። «ነጭ ወረቀት፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ነስረዲን ጋር ያለውን መጽሐፍ» ብላ በጣቷ ቆጠረችለት። ወረቀቱንና መቀሱን፣ ሙጫውንም በዕለቱ አመጣላት። ስለ መጽሐፉ ግን «ሱቁ ዝግ ነው» አላት። በሁለተኛው ቅዳሜ «አገሩ ሄዷል አሉ» አላት። በሦስተኛው ቅዳሜ «አሁንም ዝግ ነው» ሲላት እጁን ይዛ አየችው። እንዳወቀችበት ያን ጊዜ ገባው። መጽሐፉ ለምን እንደተመረጠ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ሱቅ ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ እሷም የምትኖር መስሎት ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ክርክር በማስረጃ ሲያሳምር የኖረ ሰው፣ የራሱ ላይ ሲደርስ ያሰበው ይህንን ነው።

ነስረዲንን ከሸኘ በኋላ ወደ ቤት ገብቶ ነርሷ የሰጠችውን የመቅደላዊትን ቦርሳ ከፈተ። ማበጠሪያ አለ፣ የቤት ጫማ አለ፣ ሶፊያ የሣለችው ፀሐይ አለ። ከሥር አንድ ፖስታ አለ። ፖስታው ውስጥ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት አገኘ፤ ዐሥራ ሁለት። መጽሐፉን አውጥቶ ገጹን ቆጠረ። ዐሥራ ሁለት ሥዕል። ልኩን በልቧ ይዛ ቆርጣ ጠብቃዋለች። አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ሥዕሉን ሳታይ አትጽፍማ።

ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ፎቶዋ የተሸሸገበት ብርድ ልብስ ውስጥ ፊቱን ቀበረና ድምፁ እንዳይሰማ እያፈነ አለቀሰ።

ቅዳሜ ሣልስት ነው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል። ጠዋት ደሚቱ ፍሰሐን ጓዳ ጠርታ የወሰነችውን ነገረችው።

«ሙሽራዋ ሌላ ሰፈር አገባች እንላታለን። እናትሽ ደግሞ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳለች እንላታለን። ዐሥር ዓመት ሲሞላት ቀስ ብለን እናስረዳታለን።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ልንዋሻት?»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ልጄ» አሉ እማማ ወለተሥላሴ ከበሩ።

«እማማ፣ እርስዎ አይፍረዱብኝ!» አለች ደሚቱ፤ ዓይኗ ወዲያው እንባ ሞላ። «የእናታችንን ሞት እኔ በጩኸት ነው የሰማሁት፣ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ያ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንተ ፍሰሐ ሦስት ዓመትህ ነበር፤ አንተን ግን አዳንኩህ። ገበያ ሄደች፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደች እያልኩ አሳደግኩህ። ምን ሆንክ? ምንም አልሆንክም።»

«ጠበቅኳት» አለ ፍሰሐ።

«ምን አልክ?»

«እስከ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በር ሲንኳኳ ቀድሜ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ለምን ይመስልሻል?»

ያ ሩጫ ደሚቱን ትዝ አላት። ቀልጣፋ ልጅ ነው እያለች ለሰው ታወራው ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «እኔ ግን አፍ የለኝም» አለች ከነጠላው ሥር። «እኔ ልነግራት አልችልም።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ማለቱን አለ። ልጅቷ እስክትነሣ ድረስ ለሥዕሎቹ የሚሆን ቃል ሌላ ወረቀት ላይ ሊጽፍ ሞከረ፤ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። ያው ክስ ሆነበት። ወረቀቱን ቀደደና የመቅደላዊትን ነጭ ቁራጮች እንዳሉ ፖስታቸው ውስጥ መለሳቸው።

ሶፊያ ዛሬም የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ነጩን ጫማ ዛሬ በትክክል ተጫምታዋለች። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣትና መጽሐፉን ገለጠ።

«ወደኔ አዙረው እንጂ» አለች።

አዞረው። ትልቅ ኤሊ ኮረብታ ላይ ትወጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ትንሽ አይጥ ተቀምጧል። ሶፊያ ጎንበስ ብላ አየች።

«እማዬ አልጻፈችበትም?»

«አልጻፈችበትም።»

«ለምን?»

«አምጣልኝ ብላኝ ነበር። እኔ ሳልወስድላት ቀረሁ። ፈርቼ ነው።»

«ምኑን ፈርተህ?»

«መጨረሻውን።»

ሶፊያ አባቷን በሐዘኔታ አየችው። «እማዬ የመረጠችው አያስፈራም» አለችና ጠጋ አለችው። «በል ጠይቀኝ።»

«ማን አለ?» አለ ፍሰሐ። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አደረገ። «ማን አለ? ማን የለም?»

«ኤሊ አለች። አይጥ አለ። ሁሉም አለ።»

ኤሊዋ በየገጹ አይጡን ወደ ወንዝ ታወርደዋለች። ዝናብ ሲዘንብ ከሆዷ ሥር ታስገባዋለች። ሰባተኛው ገጽ ላይ ኤሊዋ ተኝታለች፤ አይጡ በትንሽ ጡጫው ጀርባዋን ያንኳኳል። ስምንተኛው ላይ ውኃ በቅጠል ያመጣላታል። ዘጠነኛው ላይ ጥንቸሉም፣ እንቁራሪቱም፣ ጃርቱም መጥተው ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። ዐሥረኛው ላይ ኮረብታው አለ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፣ አፈሩ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። አይጡ አጠገቡ ቆሟል።

«ማን የለም?» አለ ፍሰሐ።

«ኤሊ የለችም። ተደብቃ ነው?»

«አልተደበቀችም።»

«ተኝታ ነው?»

«አይደለም።»

«ሩቅ ሄዳ ነው?»

«የትም አልሄደችም፣ ሶፊዬ። ሞተች። አሟት ነበር፤ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልተሻላትም። የሞተ ሰው አይነሣም፣ ተመልሶም አይመጣም። አይጡ አጥፍቶ አይደለም። ማንም አጥፍቶ አይደለም።»

ኤሊና ሰው መቀላቀሉን አላስተዋለም። ሶፊያ ግን ለአፍታ አየችው። ከዚያ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለበጠች። እንስሶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሠርግ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ ነው።»

ከአልጋው ወርዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከመስኮቱ ማዶ ሰማያዊው መስመር ይታያል፤ ሥሩ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። ጋሽ አምሳሉን ቆጠረች፣ ሰሚራን ቆጠረች፣ እትዬ ደሚቱን ቆጠረች።

«አባዬ» አለች ሳትዞር። «እኛ ድንኳን ውስጥስ ማን የለም?»

ፍሰሐ ሦስት ሳምንት የሸሸው ጥያቄ ይህ ነው። መሸሻ የለውም። ከኋላዋ ተንበረከከ።

«እማዬ የለችም። እማዬ ሞተች፣ ልጄ።»

ሶፊያ አላለቀሰችም። ጫማዎቿን አየቻቸው። ቁጭ ብላ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውንም አወለቀች፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ግድግዳው ሥር አስቀመጠቻቸው። «ታዲያ ማን ያነብልኛል?» አለች፤ ፊቷ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ፍሰሐ አቀፋት። እኔ አነብልሻለሁ ሊላት ነበር፤ እሱም እንደ እናቷ እንደማያነብ ሁለቱም ስለሚያውቁ አብሯት አለቀሰ።

በሩ ላይ እማማ ወለተሥላሴ ቆመው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ከአፋቸው አወጡ። «ልጄ!» አሉ። «ልጄ፣ ልጄ፣ መቅደሴ!» ድንኳኑ ሰማው። ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮ ላይ የቆመው ለቅሶ ከሁሉም አፍ ባንዴ ወጣ። መታጠፊያው ላይ የቆሙት ሁለቱ የእድር ሴቶች የሚጠብቁትን ጥለው እየጮኹ ሮጠው ገቡ። ደሚቱ ፎቶውን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች፤ መሃል አስቀምጣው መሬት ላይ ተደፋች።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተነሣ። የእድሩ ሰዎች ሸራውን አጥፈው፣ ብረቱን መኪና ላይ ጫኑ። ፎቶው ወደ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ወደ ተከፈተው በር ነው። መቅደላዊት ፎቶው ውስጥ ዓይኗን ጠበብ አድርጋለች፤ ፀሐይ በዝቶባት ይሁን ሊያስቃት የሚሞክር ሰው ኖሮ፣ ፍሰሐ ማስታወስ አልቻለም።

ሶፊያ ዓይኗ እንዳበጠ፣ በባዶ እግሯ መጥታ የኤሊዋን መጽሐፍ ከአልጋው ላይ አነሣች። መጨረሻውን ሥዕል ገለጠች። አይጡ ብቻውን በእግሩ ወንዙ ጋ ደርሷል፤ ከትንሹ ዱካው ጎን የኤሊዋ የቆየ ትልቅ ዱካ አለ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ፎቶው ፊት ቆመችና ወደ ኋላዋ መሄድ ጀመረች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ቤቱ ዘጠኝ እርምጃ የለውም። በአምስት በሩ ላይ ደረሰች፤ በስድስት ደፉን ተሻገረች፤ ዘጠኝ ስትል ድንኳኑ ተተክሎበት በነበረው ባዶ ቦታ መሃል ቆመች። ጋሽ አምሳሉ የሚጠቀልሉትን ገመድ ይዘው ቆሙ። ሶፊያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ሥዕሉን ወደ ፎቶው አዞረች። ቃሉን በመዳፏ ሸፈነች።

«ይታያል?» አለች።

ፍሰሐ ከወንበሩ ጎን ነበር። «ይታያል» ሊላት አፉን ከፈተ። የተጠየቀው እሱ እንዳልሆነ ገባውና ተወው።

ሶፊያ ጠበቀች። ከዚያ መጽሐፉን ትንሽ ከፍ አድርጋ አንድ እርምጃ ወደ ፎቶው ቀረበች።